ስለ ደብዳቤ ፖስታ አመራረጥና ስለ አድራሻ አጻጻፍ

(ከራዲዮ ንግግር የተወሰደ)



በአማርኛችን ፖስታ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ደብዳቤን ከአገር ወደ አገር የሚያመላልሰው ሥራ ነው፤ ሁለተኛውም ደብዳቤው የሚገባበት የወረቀት ከረጢት ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ሁለተኛው ግን በየጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ የሚውል፥ ዋጋውም ትንሽ የሆነ ዕቃ ስለ ሆነ ልብ ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ስለ ተናቀው ዕቃ ይሆናል።

የመሥሪያ ቤት ሰው አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ይደክማል። ረቂቁን ያወጣል፤ አለቃው ያርመዋል፤ በንጹሕ ይገለበጣል፤ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ይፈረምበታል፤ ማኅተምም ያርፍበታል። ይህ ሁሉ ድካም ከተፈጸመ በኋላ ግን ነገሩ እንዳለቀ ተቈጥሮ አድራሻው በችኰላ ይጫርና ደብዳቤው ይላካል። ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደብዳቤውን የሚመሩት ሰዎች ውስጡን አያዩም። የጉዳዩን ክብደት፥ የአለቃውን ፊርማ፥ የማኅተሙን ክብር አያውቁም። የሚያውቁት በፖስታው ፊት ላይ የተጻፉትን ሦስት ወይም አራት መስመሮች ብቻ ነው። እነዚያ መስመሮች ከተሳሳቱ የደብዳቤው ማማር ለማንም አይጠቅምም።

ዛሬ ብዙ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በአንድ አፍታ እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ሆኖም ዋናው ፊርማና ማኅተም የሚፈለግበት ጽሑፍ፥ የፍርድ ቤት መጥሪያ፥ የትምህርት ማስረጃ፥ ውልና የጨረታ ሰነድ አሁንም በወረቀት ይመላለሳሉ። በወረቀት የሚላከው ነገር ቍጥሩ ቢያንስም የሚጠፋ ቢሆን ጕዳቱ ብርቱ የሆነው ወገን ነው። ስለዚህ የፖስታ ዕውቀት ጊዜ ያለፈበት ዕውቀት አይደለም።

ስለ ፖስታ ታሪክ በአጭሩ

በአውሮፓ ፖስታ በብዛት የተለመደው ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ወዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1840 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በፊት የመላኪያው ዋጋ በወረቀቱ ቍጥርና በመንገዱ ርቀት ይታሰብ ነበርና፥ ደብዳቤውን በሌላ ወረቀት መሸፈን እንደ ሁለተኛ ወረቀት ተቈጥሮ ዋጋውን ያጥፍ ነበር። በዚህም ምክንያት ሰዎች ደብዳቤውን ራሱን አጥፈው በሰም ያሽጉትና አድራሻውን በጀርባው ይጽፉ ነበር። በ1840 ዓመት ሮውላንድ ሂል ያቀረበው አዲስ ሥርዓት ተፈጽሞ ዋጋው በክብደት ብቻ የሚታሰብ፥ አስቀድሞም በቴምብር የሚከፈል በሆነ ጊዜ ግን ፖስታ ለመጠቀም የሚከለክል ነገር ቀረ። ጥቂት ቈይቶም በ1845 ኤድዊን ሂልና ዋረን ደ ላ ሩ ፖስታ የሚያጥፍ መኪና ስለ ሠሩ ዕቃው ርካሽ ሆነ። አድራሻው በግልጽ ወረቀት ወይም በላስቲክ በኩል የሚነበብበት ባለ መስኮት ፖስታ ደግሞ በ1902 በአሜሪካ አገር የባለቤትነት መብት ተሰጠበት።

በአገራችንም የፖስታ ሥራ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ተመሠረተ። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስለ ሆነችም፥ ከአዲስ አበባ የሚላክ ደብዳቤ በየአገሩ ፖስታ ቤት እየተቀባበለ የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ። በዚህ ኅብረት ውስጥ ያሉ አገሮች ቋንቋቸውና ፊደላቸው የተለያየ ስለ ሆነ፥ የፖስታው መጠንና የአድራሻው አቀማመጥ በአንድ ደንብ እንዲመራ አስፈለገ። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው አብዛኛው ነገር ከዚሁ የጋራ ደንብ የወጣ ነው።

ፖስታን ስለ መምረጥ

ፖስታ የሚመረጠው በወረቀቱ መጠን ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን የምንጠቀምበት የተለመደው ወረቀት ኤ አራት የሚባለው ሲሆን፥ ወርዱ 210፥ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ ወረቀት የሚስማሙ ሦስት ዓይነት ፖስታዎች አሉ።

የመጀመሪያው ዲ ኤል የተባለው ረጅሙ ፖስታ ነው። መጠኑ 110 በ220 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱ በቁመቱ ሦስት እኩል ቦታ ሲታጠፍ 99 በ210 ይሆናልና በዚህ ፖስታ ውስጥ ሳይጨናነቅ ይገባል። ከአንድ እስከ ሦስት ገጽ ለሚሆን ለማናቸውም የሥራ ደብዳቤ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሁለተኛው ሲ አምስት ይባላል፤ መጠኑም 162 በ229 ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከመካከሉ የታጠፈ ወረቀት ይይዛል። ደብዳቤው አባሪ ሲኖረውና ወረቀቱ ሦስት ቦታ ቢታጠፍ የሚወፍር ሲሆን ይህን መምረጥ ይገባል።

ሦስተኛው ሲ አራት የተባለው ትልቁ ፖስታ ነው። መጠኑ 229 በ324 ስለ ሆነ ወረቀቱ ሳይታጠፍ ይገባበታል። ውል፥ የትምህርት ማስረጃ፥ ካርታና ፕላን፥ እንዲሁም መታጠፍ የሌለበት ማናቸውም ሰነድ በዚህ ይላካል። በውስጡም ወፍራም ካርቶን አብሮ ቢገባ ሰነዱ ከመጨማደድ ይድናል።

የፖስታው ትልቅነት ያለ ምክንያት መብዛት የለበትም። አንድ ገጽ ደብዳቤ በትልቅ ፖስታ ሲላክ በውስጡ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ጠርዙ ይቈረፈዳል፤ ፖስታውም ከሌላው ጋር ሲታሰር ይቀደዳል። ከዚህም በቀር ብዙ ፖስታ ቤቶች ትልቁን ፖስታ ከትንሹ ለይተው ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍሉበታል። በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ትንሽ ደብዳቤ የሚባለው ከ165 በ245 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፥ ውፍረቱም ከ5 ሚሊ ሜትር የማያልፍ ነው። ዲ ኤልና ሲ አምስት በዚህ ወሰን ውስጥ ሲገቡ፥ ሲ አራት ግን ከትልቁ ክፍል ይቈጠራል። እንደዚሁም ከ90 በ140 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ፖስታ ስለሚጠፋና ስለሚሾልክ መጠቀም አይገባም።

ክብደቱንም አስቀድሞ ማወቅ ቀላል ነው። የተለመደው ባለ 80 ግራም ወረቀት፥ አንድ ሜትር ካሬው 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ኤ አራት ወረቀት የዚያ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ስለ ሆነ አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል። ረጅሙም ፖስታ ከዚሁ አይርቅም። እንግዲህ ሦስት ቅጠል ደብዳቤ ከነፖስታው 20 ግራም ገደማ ሆነ ማለት ነው። በብዙ አገሮች የፖስታ ዋጋ የመጀመሪያው የክብደት እርከን 20 ግራም ስለ ሆነ፥ አራተኛ ቅጠል የሚጨምር ሰው ሚዛን ሳይጠይቅ ቴምብር ባይለጥፍ መልካም ነው። ቴምብሩ የጐደለ ደብዳቤ ሊመለስ፥ ወይም ጕድለቱ ከተቀባዩ ሊጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤትን ወክሎ የጻፈ ሰው ተቀባዩን ዕዳ አስከፍሎ ደብዳቤ ማስነበቡ ነውር ነው።

የወረቀቱም ዓይነት መታየት አለበት። ስስ ፖስታ ብርሃን ሲያገኘው የውስጡን ጽሑፍ ያሳያል፤ ስለዚህ ለደመወዝ፥ ለሕክምናና ለሠራተኛ ጠባይ ጉዳይ አይሆንም። ቀለሙም ነጭ፥ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቢሆን ጽሑፉ ጐልቶ ይታያል። በጠቈረ ፖስታ ላይ በሰማያዊ ብዕር የተጻፈ አድራሻ ለሰው ዐይንም፥ ደብዳቤ ለሚለይ መኪናም አይነበብም። በመጨረሻም አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ ሌላውን ደብዳቤ ስለሚቀድና መኪናውን ስለሚያበላሽ ከቀጭኑ ፖስታ ውስጥ ቢቀር ይሻላል።

ስለ ፖስታው ፊት አከፋፈል

የፖስታው ፊት እንደ አንድ ግቢ ነው፤ ለእያንዳንዱ የተመደበ ስፍራ አለው። ፖስታው በጐኑ ተጋድሞ፥ ክዳኑም በጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ሲቀመጥ፥ የላይኛው ቀኝ ማዕዘን የቴምብር ነው። የላይኛው ግራ ማዕዘን የላኪው ስምና አድራሻ ነው። ከመካከሉ ጀምሮ ወደ ቀኝና ወደ ታች ያለው ስፍራ የተቀባዩ ነው። የተቀባዩ አድራሻ ከላይኛው ጠርዝ 40፥ ከቀኙ ጠርዝ 15፥ ከታችኛውም ጠርዝ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲጻፍ የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ያዛል። ይህ የተባለበት ምክንያት ላዩ ለቴምብርና ለቀን ማኅተም፥ ታቹም መኪናው ለሚያትመው የመለያ ምልክት ባዶ ሆኖ እንዲቈይ ነው። እንግዲህ የመሥሪያ ቤቱን ትልቅ ክብ ማኅተም በተቀባዩ ስም ላይ ማሳረፍ የፖስታውን ክብር የሚጨምር ይመስላል እንጂ አድራሻውን ያጠፋል። ማኅተም የሚያርፈው በላኪው ስም አጠገብ፥ ወይም በጀርባው ክዳኑ ከተጣበቀበት ላይ ነው።

የላኪው አድራሻ ለጌጥ አይደለም። ተቀባዩ ቢታጣ ደብዳቤው የሚመለሰው በዚያ ምልክት ነው። የላኪ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ባለቤቱ እንዳልታወቀ ዕቃ ከመጋዘን ይቀራል፤ ላኪውም ደርሶልኛል፥ ተቀባዩም አልተጻፈልኝም እያሉ ሁለቱም ወገኖች በከንቱ ሲቃየሙ ይኖራሉ።

ስለ አገር ውስጥ አድራሻ

በብዙ አገር ፖስተኛ ደብዳቤን ከየቤቱ ደጃፍ ያደርሳል። በእኛ አገር ግን በልማድ ደብዳቤ የሚደርሰው ከፖስታ ሣጥን ነው። ስለዚህ በሌላው አገር የመንገዱ ስምና የቤቱ ቍጥር የሚሰጠውን ጥቅም በእኛ ዘንድ የሚሰጠው የሣጥኑ ቍጥር ነው። የቀበሌውንና የሕንጻውን ስም አሳምሮ ጽፎ የሣጥኑን ቍጥር የተወ ሰው፥ ቤቱን ቀብቶ በሩን እንደ ረሳ ግንበኛ ነው። ቍጥሩም በጥራት ይጻፍ። 1ን ከ7፥ 0ን ከ6 የማያስለይ እጅ ደብዳቤውን ለሌላ ባለ ሣጥን ይሰጣል፤ ያም ሰው ጉዳዩ ስላልሆነ ቶሎ ላይመልሰው ይችላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤

ለ . . . . . . . ሚኒስቴር
የሠራተኞች አስተዳደር ክፍል
የፖስታ ሣጥን ቁጥር . . . . .
አዲስ አበባ

በዚህ ምሳሌ የሰው ስም እንዳልተጻፈ ልብ በሉ። የሥራ ደብዳቤ የሚጻፈው ለሥራው እንጂ ለሰውዬው አይደለም። በስሙ የተጻፈለት ሹም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሮ፥ ዕረፍት ወጥቶ ወይም ታሞ ቢሆን፥ መዝገብ ቤቱ የሰው ደብዳቤ አንከፍትም ብሎ ያስቀምጠዋል። ጉዳዩን የያዘው ሰው በግድ መታወቅ ካለበት ከመሥሪያ ቤቱ ስም በታች፥ ‹‹ለክፍሉ ኀላፊ›› ማለት ይበቃል። ‹‹በግል›› የሚለው ቃል ከተጨመረበት ግን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይከፍተውም።

ለአንድ ሰው በሚጻፍበት ጊዜ አቶ፥ ወይዘሮ፥ ወይዘሪት፥ ወይም ማዕርጉ ሳይቀር ስምና የአባት ስም መጻፍ ይገባል። በስማችን ሥርዓት የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን፥ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ መሥሪያ ቤት ቢገኙ አያስደንቅም። በዚህ ጊዜ የአያት ስም ይለያቸዋል። ሰውዬው የራሱ ሣጥን ከሌለውም፥ ‹‹በእገሌ መሥሪያ ቤት በኩል›› ተብሎ የመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ቍጥር ይጻፋል።

የከተማ ስም ማሳጠር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ደብረ ማርቆስ፥ ደብረ ብርሃን፥ ደብረ ታቦር እያንዳንዳቸው በተለያየ መንገድ የሚደረስባቸው ከተሞች ናቸው። ‹‹ደ/ብ›› ወይም ‹‹ደ/ማ›› ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያስበውን ያውቃል እንጂ ለይቶ የሚልከውን ሰው አያስብም። ሶዶ ብቻ ተብሎ ሲጻፍም የወላይታው ሶዶ ነው ወይስ በጉራጌ አገር ያለው ሶዶ ያሰኛል። እንደ አዳማና እንደ ቢሾፍቱ ያሉ በሁለት ስም የታወቁ ከተሞችም ዛሬ በሕግ በሚጠሩበት ስም ይጻፉ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እንስጥ። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት በደብረ ማርቆስ ሆነው ስለ ጡረታ አበል የጻፉትን ማመልከቻ መልስ ይጠብቃሉ እንበል። መልሱ አዲስ አበባ ተጽፎ አልቋል፤ ማስረጃ በሠላሳ ቀን ውስጥ አሟልተው እንዲያቀርቡም ይጠይቃል። ጸሐፊው ግን የሣጥኑን ቍጥር አንድ አኀዝ ገደፈ። ደብዳቤው ዞሮ ዞሮ ሲደርስ ሠላሳው ቀን አልፏል። መዝገቡ ‹‹መልስ ተሰጥቷል›› ይላል፤ እናቲቱ ግን በየደጁ ይመላለሳሉ። ማንም ክፉ አላደረገባቸውም፤ አንድ አኀዝ ብቻ ጐደለ። የመንግሥት ሠራተኛ በፖስታ ላይ የሚጽፈው እያንዳንዱ አኀዝ የአንድ ሰው እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

ስለ ውጭ አገር አድራሻ

ወደ ውጭ አገር በሚጻፍበት ጊዜ ሥርዓቱ ከትንሹ ወደ ትልቁ ነው፤ የሰው ስም፥ የመሥሪያ ቤት፥ የቤት ቍጥርና የመንገድ ስም፥ የከተማ ስም ከነመለያ ቍጥሩ፥ በመጨረሻም የአገሩ ስም። የአገሩ ስም ለብቻው በታችኛው መስመር፥ በትልልቁ የላቲን ፊደል፥ እዚህም በሚታወቅ ቋንቋ ይጻፋል። ይህም የሆነው ከአዲስ አበባ የሚልከው ሠራተኛ የአገሩን ስም ብቻ አይቶ ስለሚለየው ነው። የቀረውን መስመር የሚያነበው የዚያ አገር ፖስታ ቤት ስለ ሆነ፥ ተቀባዩ እንደ ሰጠን አድርጎ መገልበጥ እንጂ በገዛ አሳባችን ማሻሻል አይገባም።

የመለያውም ቍጥር አይዘለል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ባለ አምስት አኀዝ መለያ ቍጥር ያወጣው በ1963 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ነው። ጀርመን ዛሬ በአምስት፥ እስራኤል በሰባት አኀዝ ትጠቀማለች። በአሜሪካ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ብዙ ሰው ስለሚኖር የክፍሉም ቍጥር ያስፈልጋል። በተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ግን ልማዱ እንደ እኛው በፖስታ ሣጥን ስለ ሆነ፥ ወደ ዱባይ የሚጻፍ ደብዳቤ የአሠሪውን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ሣጥን ቍጥር ይሻል። በውጭ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ በሚጻፍበት ጊዜም ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንደ ሰፈረው ፊደል በፊደል ይጻፍ፤ በአደራ የተላከ ዕቃ ለመረከብ ሲሄድ የስሙ አጻጻፍ ልዩነት ያስቸግረዋልና።

ስለ ልዩ ምልክቶች

‹‹አስቸኳይ›› የሚለው ቃል በሁሉ ፖስታ ላይ ከተጻፈ በአንዱም ላይ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ለእውነተኛው ችኰላ ይቀመጥ። ‹‹ምሥጢር›› የሚለውም ቃል በውጭ ሲታይ የዐይን መጥሪያ ይሆናል፤ ስለዚህ ምሥጢር የሆነ ነገር በሁለት ፖስታ ይገባል። የውስጠኛው ‹‹ምሥጢር›› ተብሎ በማኅተም ይታሸጋል፤ የውጭው እንደ ማናቸውም ደብዳቤ አድራሻ ብቻ ይጻፍበታል። መድረሱ መረጋገጥ ያለበት ደብዳቤ ደግሞ በአደራ ይላክ። ላኪው ደረሰኝ ይቀበላል፤ ተቀባዩም ፈርሞ ይረከባል። የደረሰኙም ቍጥር በወጪ መዝገብ ላይ ከደብዳቤው ቍጥር አጠገብ ይመዝገብ።

ለጨረታ የሚቀርብ ፖስታ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል። ዛሬ ብዙ ጨረታ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ቢካሄድም፥ በወረቀት በሚቀርበው ጨረታ የሙያው መግለጫና የዋጋው ማቅረቢያ በተለያየ ፖስታ እንዲታሸጉ የሚታዘዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም የተደረገው ገምጋሚዎች ዋጋውን ሳያዩ ሙያውን እንዲመዝኑ ነው። በየፖስታው ላይ የጨረታው ቍጥር፥ ‹‹ቴክኒክ›› ወይም ‹‹ፋይናንስ››፥ ‹‹ኦሪጂናል›› ወይም ‹‹ኮፒ›› የሚል ቃል፥ የተጫራቹም ስም ሊጻፍ ይገባል። ምልክቱ ያልተጻፈበትን ፖስታ መዝገብ ቤት እንደ ተራ ደብዳቤ ቢከፍተው ጥፋቱ የማን ይባላል? የብዙ ቀን ሥራ አንድ መስመር ባለመጻፉ ሊወድቅ ይችላል።

ስለ ተቀባዩ ወገን

እስካሁን የተናገርነው ለላኪው ነው። ተቀባዩም ድርሻ አለው። ደብዳቤው ተከፍቶ ከተመዘገበ በኋላ ፖስታውን ወዲያው ወደ ቅርጫት መጣል ልማድ ሆኗል። ነገር ግን በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን የተጻፈበት ቀን ነው፤ በፖስታው ላይ ያለው የፖስታ ቤት ማኅተም ግን የተላከበትን ቀን ይመሰክራል። የይግባኝ፥ የአቤቱታ ወይም የጨረታ ጊዜ የሚቈጠርበት ጉዳይ ሲሆን በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ሰውን ሊያስፈርድለት ወይም ሊያስፈርድበት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፖስታ ከደብዳቤው ጋር በፋይሉ ውስጥ ይያያዝ። በስሕተት የመጣም የሌላ ሰው ደብዳቤ ሳይከፈት በዚያው ቀን ይመለስ።

በጠቅላላው፥ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ጸሐፊው አራት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ውስጡ ያለው ደብዳቤ በውጭ የተጻፈው ሰው ነውን? አባሪው ገብቷልን? የሣጥኑ ቍጥርና የከተማው ስም ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሯልን? የላኪውስ አድራሻ አለበትን? ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

አባቶቻችን ጠጅ በብርሌ፥ ነገር በምሳሌ ብለዋል። ብርሌው የተሰነጠቀ ሲሆን የጠጁ መጣፈጥ ለመሬት ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም በሚገባው ፖስታ ገብቶ፥ በተጣራ አድራሻ ሲላክ የጻፈውን ያስከብራል፤ የሚጠብቀውንም ሰው ከመንገላታት ያድናል።